ጠንካራው መድኃኒት የማይደርስበት ጀርም

በትልልቅ ሆስፒታሎች አካባቢ ያሉ መድኃኒት ቤቶች በደንብ የሚያውቁት አንድ ዓይነት ደንበኛ አለ። ዘመዱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶበታል፤ በእጁ በያዘው ማዘዣ ላይ ሜሮፔኔም ወይም ቫንኮማይሲን ተጽፏል፤ ዋጋውን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ግን አይተወውም። ተበድሮም ሆነ ከብት ሸጦ ይገዛዋል። መድኃኒቱ በጠነከረና በተወደደ ቁጥር የመዳን ተስፋው ይጨምራል ብሎ ያምናልና፤ ብዙ ጊዜም ያዘዘለት ሐኪም ከዚህ የራቀ ሐሳብ የለውም። እምነቱ መሠረት የሌለው አይደለም። የሚፈርስበት ቦታ ግን አለ። ስቴኖትሮፎሞናስ ማልቶፊሊያ የሚባለው ባክቴሪያ ሜሮፔኔምን የሚሰባብር ኢንዛይም ከተፈጥሮው ይዞ ይኖራል፤ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት መርፌ ምንም አያደርገውም። እንዲያውም ሌሎቹን ባክቴሪያዎች ጠርጎ ቦታውን ይለቅለታል። ይህን ባክቴሪያ ለማከም ለብዙ ዓመታት በቀዳሚነት ሲመረጥ የኖረው መድኃኒት ኮትሪሞክሳዞል ነው፤ በተለምዶ ባክትሪም የምንለው፣ በየጤና ጣቢያው የሚታደለው ርካሽ ክኒን። ዛሬ ሕመሙ ሲከብድ ሐኪሞች ሁለተኛ መድኃኒት ይጨምሩበታል እንጂ ባክትሪም አሁንም ከዝርዝሩ አልወጣም። ችግሩ የሕመምተኛውን መልክ አይቶ ጀርሙ ይህ ነው ለማለት አለመቻሉ ነው። ትኩሳቱም፣ የደም ግፊቱ መውረድም፣ መቃዠቱም ከሌላው የደም መመረዝ አይለይም። ስለዚህ እንዲህ ባሉ ብርቅ ኢንፌክሽኖች የሕመምተኛውን ዕጣ ከመድኃኒቱ ጉልበት ይልቅ፣ የመጀመሪያው መርፌ ከመወጋቱ በፊት ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ ለመለየት፣ የተቀዳችው ጥቂት ደም ትወስነዋለች ብዬ እከራከራለሁ።

እንዲህ ያሉ ኢንፌክሽኖችን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች አጋጣሚ ጠባቂ ናቸው። እንደ ኮሌራና እንደ ታይፎይድ ጤነኛውን ሰው ከመንገድ አይጥሉም። ኑሯቸው በአፈር፣ በውኃ፣ በበሰበሰ ቅጠል፣ በእጅ መታጠቢያ ገንዳ ቧንቧ ውስጥ ነው። ከጎንደሩ ቀሐ ወንዝ አንድ ጣሳ ውኃ ቀድቶ ቢመረምር እነርሱን ወይም የቅርብ ዘመዶቻቸውን የማያገኝ ባለሙያ የለም፤ ከአንገረብ ቢቀዳም፣ ከመገጭ ቢቀዳም፣ ከሌላ አገር ወንዝ ቢቀዳም ያው ነው። በጥምቀት ዕለት ከቀሐ በተሳበ ውኃ ወደሚሞላው የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዘሎ የሚገባው ወጣት በአፍ በአፍንጫው ይቀበላቸዋል፤ ማታ ግን እየጨፈረ ወደ ቤቱ ይገባል። ቆዳው ያልተቀደደ፣ ነጭ የደም ሴሉ ያልጎደለ ሰው ነውና። ሆስፒታል የተኛ ሰው ግን ሌላ ነው። ሕክምና ሕይወት የሚያተርፈው በሰውነት ቅጥር ላይ አዲስ በር እየከፈተ ነው፦ ክንድ ላይ ካኑላ፣ ፊኛ ውስጥ የሽንት ካቴተር፣ አንገት ሥር ቀጭን ቱቦ፣ ጉሮሮ ውስጥ የመተንፈሻ ቧንቧ። በዚህ ላይ ሕመሙ ራሱ ወይም የካንሰር መድኃኒት መከላከያውን ካዳከመው፣ ትናንት ማንንም ያልጎዳው የውኃ ባክቴሪያ ዛሬ ገዳይ ይሆናል።

ይህን ለማመን የሕክምናው ዓለም ራሱ ጊዜ ወስዶበታል። ሴራሺያ ማርሴሰንስ የተባለውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1819 ያገኘው ባርቶሎሜኦ ቢዚዮ የተባለ ጣሊያናዊ ነው፤ በፓዶቫ አካባቢ የበቆሎ ገንፎ ለምን ደም መስሎ እንደሚቀላ ሲመረምር። ቀለሙ በቀላሉ ስለሚታይና ጉዳት የለውም ተብሎ ስለታመነ ለብዙ ዓመታት የጀርም ሥርጭት ማሳያ ሆኖ አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1950 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ይህንኑ ባክቴሪያ ከባሕር ላይ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ረጨው፤ ነፋስ ምን ያህል እንደሚያደርሰው ለማወቅ። በዚያው ሰሞን በከተማዋ አንድ ሆስፒታል 11 ሕመምተኞች በሴራሺያ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያዛቸው፤ አንዱ ሞተ። ባክቴሪያው ከርጭቱ መምጣት አለመምጣቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው፣ በመንገድ ላይ ሲሄዱ የተነፈሱት የከተማው ነዋሪዎች ደህና ውለው ሲያድሩ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ለነበሩት ግን ይኸው ባክቴሪያ አደገኛ ሆኖ መገኘቱ ነው። ቡርክሆልዴሪያ ሴፓሺያም እንዲሁ ነው፤ በ1950 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ የታወቀው ሽንኩርት አበስባሽ ሆኖ ነው፤ ዛሬ ግን በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ይፈራል። ከሁሉ የሚገርመው በደካማ የጀርም ማጥፊያ ፈሳሽ ውስጥ እንኳ መኖር መቻሉ ነው።

ጎንደር ለዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለችም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው በደንቢያ ሜዳ የገባ ወባ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ ነው፤ ቆላው በደጋው ሰው ጤና ላይ ያለው እጅ የዚያን ጊዜም የታወቀ ነበር። ዛሬም ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከወገራና ከበለሳ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርደው ወጣት የአሸዋ ዝንብ ነድፋው ካላዛር ይዞ ይመለሳል። ካላዛር የሚታወቀው ጣፊያ በማሳበጥ ነው፤ ግን መቅኒ ውስጥም ይገባና ነጭ የደም ሴልን ያመነምናል። ሕክምናው በተለመደው አሠራር 17 ቀን ሙሉ በየዕለቱ የሚወሰዱ መርፌዎች ናቸው። ከታማሚዎቹ አንዳንዶቹ ኤች አይ ቪም አለባቸው። መከላከያው የወደቀ፣ ለሳምንታት የተኛ፣ በየቀኑ የሚወጋ ሰው ለአጋጣሚ ጠባቂ ጀርም የተመቻቸ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በካላዛር ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል፦ ደማቸው ከተመረመረ 83 ሰዎች በ16ቱ ደም ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቷል፤ ከአምስት አንድ ያህሉ ማለት ነው። ከተገኙትም የሚበዛው የታወቀው ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ ነበር።

ከዚያ በፊት በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት በዚያው ሆስፒታል የደም መመረዝ የተጠረጠረባቸውን 390 ሕመምተኞች ደም መርምሮ በ71ዱ፣ ማለትም በመቶ 18.2 ላይ፣ ባክቴሪያ አገኘ። ይህን ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ያነበዋል። አንደኛው፣ ከአምስቱ አራቱ ባክቴሪያ ካልተገኘባቸው ካልቸር ምን ይሠራል ይላል። እኔ ግን የማተኩረው ባዶ በወጡት 319 ጠርሙሶች ላይ ነው። ከፊሎቹ በእርግጥ የባክቴሪያ ሕመም ያልነበረባቸው ናቸው፤ ወባም፣ ቫይረስም፣ ሌላም ይሆናል። በአገራችን ግን ብዙ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው በግል ክሊኒክ ሴፍትሪያክሶን ተወግቶ፣ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ ውጦ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ደም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ በጠርሙስ አያድግም፣ ከሰውነት ግን አልጠፋም። ቀስ ብለው የሚያድጉ ወይም የተለየ ምግብ የሚፈልጉ ባክቴሪያዎችም አሉ። በባዶው ጠርሙስ ላይ ሁሉም አንድ መልክ አላቸው። ስለዚህ ብርቅ የምንለው ጀርም ብርቅ የሆነው በከፊል ስለማንፈልገው ነው። ከተገኙት መካከል ደግሞ በመቶ 42 ያህሉ በሰው ሁሉ ቆዳ ላይ የሚኖር የስታፊሎኮከስ ዓይነት ነበር። ይህ ባክቴሪያ ደም ሲቀዳ ከቆዳ የተወሰደ ሊሆን ይችላል፤ በተጨባጭ ደም ውስጥ የገባ አጋጣሚ ጠባቂም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው አንድ ተራ ጥንቃቄ ነው፦ ከሁለት ክንድ ለየብቻ መቅዳት። በሁለቱም ጠርሙስ ያው ባክቴሪያ ካደገ በቀላሉ ብክለት ነው ተብሎ አይጣልም፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ ሐኪሙ ይጠራጠራል።

ከሁሉ ይበልጥ በእኛ አገር ሊያሳስት የሚችለው ኖካርዲያ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1888 ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም ኤድሞን ኖካር ከታመሙ ከብቶች አገኘው፤ በስሙም ተጠራ። በአፈር ይኖራል፣ ከአቧራ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። መከላከያው የደከመ ሰው ላይ ሲያርፍ ለሳምንታት ያስለዋል፣ ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ በራጅ ሲታይ ሳንባው ላይ ቋጠሮ ወይም ጉድጓድ ይገኛል። ይህን ያየ ሐኪም ቲቢ ቢል አይፈረድበትም፤ እንዲህ ሆነው ከሚመጡት አብዛኞቹ ቲቢ ናቸውና። ጣጣው አክታው ለቲቢ በሚያገለግለው ቀለም ሲቀባ ኖካርዲያም ቀዩን ቀለም በከፊል ሊይዝ መቻሉ ነው። በማይክሮስኮፕ ለሚያየው ላልተጣደፈ ዓይን ግን ልዩነት አለ፤ የቲቢው ባክቴሪያ አጭር ዘንግ ሲሆን ኖካርዲያ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ቀጭን ክር ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር የተስፋፋው ጂን ኤክስፐርት ደግሞ የቲቢን ዘረ መል ብቻ ስለሚፈልግ ኖካርዲያን አይቶ ኔጋቲቭ ይላል። ስሚሩ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ የታየው አክታ፣ ፖዘቲቭ፣ ጂን ኤክስፐርቱ ኔጋቲቭ ሲሆን አንዱ ተሳስቷል ብሎ ማለፍ ይቀናል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ በመካከላቸውም ሌላ ባክቴሪያ እንዳለ ማሰብ ነው የሚያስፈልገው። ካልታሰበ ሕመምተኛው የቲቢ መድኃኒት ይጀምራል፤ የቲቢ መድኃኒት ኖካርዲያን አያድንም። ወር ሁለት ወር ቆይቶ ሲብስበት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይሆን ተብሎ ይጠረጠራል። ኖካርዲያ ግን ሳንባ ላይ አይቆምም፤ ወደ አንጎል ሄዶ መግል መቋጠር ይወዳል። ለዚህም የሚያገለግለው ዋና መድኃኒት ያው ባክትሪም ነው። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች ተጓዳኝ በሽታን ለመከላከል የሚወስዱት የቀን መጠን ኖካርዲያን በመጠኑ ይከላከላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ ለሕክምና የሚሰጠው መጠን ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እናም መድኃኒቱ በሕመምተኛው ኪስ ውስጥ እያለ፣ መጠኑ ስላልደረሰ ብቻ ሊሞት ይችላል።

እነዚህን ጀርሞች ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ ሰው እንደሚያስበው ሁሉም ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም። ከአንድ ትልቅ ሰው በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፣ ያነሰ ደም ደግሞ ባክቴሪያ ያመልጠዋል። ጠርሙሱ በሰውነት ሙቀት ልክ ይቀመጣል፣ በየቀኑ ይታያል፤ ከደፈረሰ በበግ ደም በተሠራ አጋር ላይ ይዘራል። በ1884 እ.ኤ.አ. ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ግራም ያወጣው ቀለም ባክቴሪያዎቹን በሁለት ጎራ ይከፍላል። ቀጥሎ ኦክሲዴዝ፣ ስኳር ማቡካት፣ ሲትሬት የሚባሉ ፈተናዎች ይከተላሉ። ሀብታም አገሮች ማልዲ ቶፍ የሚባል በሌዘር የባክቴሪያን ፕሮቲን የሚመዝን መሣሪያ አላቸው፤ ስሙን በደቂቃዎች ያወጣል። ጥሩ ነገር ነው፣ ቢመጣም ደስ ይላል። ግን ኖካርዲያን ለማሳደግ የሚያስፈልገው ሰሌዳውን በሁለተኛው ቀን አለመጣል ነው፤ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። ለዚህ ወጪው በኢንኩቤተር ውስጥ አንድ ቦታና ከሐኪሙ ወደ ላቦራቶሪው አንድ ስልክ ነው። ሐኪሙ በምርመራ ወረቀቱ ላይ «ትኩሳት» ብቻ ጽፎ ከላከ ላቦራቶሪው የተለመደውን ይሠራል፤ «ኤች አይ ቪ፣ በቲቢ መድኃኒት ያልተሻለው፣ ኖካርዲያ ይታይልኝ» ካለ ሌላ ሥራ ይሠራል። የመብራት መቆራረጥ፣ የሬጀንት መጥፋት የሚታወቅ ችግር ነው፤ ወረቀቱን በባዶው መላክ ግን የመብራት ችግር አይደለም።

የአሜሪካዋን ባክቴሪዮሎጂስት ኤልዛቤት ኪንግን ማንሳት እዚህ ላይ ይገባል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የትኛውም ቡድን ውስጥ የማይገቡ፣ በየሆስፒታሉ «ያልታወቀ» ተብለው የሚላኩላትን ባክቴሪያዎች በሙከራ ቱቦ እየለየች ትመዘግብ ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. ጨቅላ ሕፃናትን በማጅራት ገትር የሚገድል አንድ የውኃ ባክቴሪያ ገለጸች። እርሷ ከሞተች ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ባክቴሪያው ኤልዛቤትኪንጊያ ተባለ። ሜሮፔኔምም፣ የመጨረሻ ምሽግ የሚባለው ኮሊስቲንም በአብዛኛው አይደፍሩትም። በ2015 እና በ2016 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ወገን የሆነ ባክቴሪያ በአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት ከ60 በላይ ሰዎችን ሲያጠቃ የጤና ባለሥልጣናት የነቁት የተለያዩ ላቦራቶሪዎች ይህንኑ ብርቅ ስም ደጋግመው በመላካቸው ነው። ላቦራቶሪዎቹ «ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ» ብለው ቢያልፉት ኖሮ በየሆስፒታሉ የተበታተነ ሞት ሆኖ ይቀር ነበር።

ሁለት ተቃውሞዎች ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው የሰዓት ነው፦ የደም መመረዝ በሰዓታት ይገድላል፣ ካልቸር ቀናት ይፈጃል፤ ሕመምተኛው የጀርሙ ስም እስኪወጣ አይጠብቅም። እውነት ነው፣ ማንም ጠብቁ አላለም። ደም መቅዳት ከመርፌው በፊት የሚሠራ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሐኪሙ ቀድቶ ወዲያው ሰፋ ያለውን መድኃኒት ይጀምራል፣ ውጤቱ ሲመጣ ያስተካክላል። ክርክሩ የሚነሣው በሦስተኛው ቀን ነው። ሕመምተኛው ካልተሻለው፣ ካልቸር ያለው ሐኪም ያውቃል፤ የሌለው ደግሞ ከሴፍትሪያክሶን ወደ ሜሮፔኔም፣ ከሜሮፔኔም ወደ ኮሊስቲን እየወጣ ይገምታል፤ ስቴኖትሮፎሞናስ ከሆነ ደረጃውን በአብዛኛው በከንቱ ወጥቷል። መገመቱ ባክቴሪያዎችን መድኃኒት እያላመደ ለሌላውም ሕመምተኛ ይተርፋል። በሰባት አገሮች የተሠራውና የአዲስ አበባውን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የጨመረው የጨቅላ ሕፃናት ደም መመረዝ ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ዋናው መንስኤ ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ መሆኑን፣ አብዛኞቹ ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎችም በመጀመሪያ ለሚታዘዘው አምፒሲሊን የማይበገሩ መሆናቸውን አሳየ። በዓለም ላይ በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የፍትሕ ነው። ቲቢና ወባ፣ የእናቶች ሞት ባለበት አገር ለጥቂት ሰዎች ብርቅ ባክቴሪያ ማሰብ ቅንጦት አይደለምን? ለብርቅ ባክቴሪያ የተለየ ላቦራቶሪ ይሠራ ቢባል ቅንጦት ነበር። ግን ኖካርዲያን የምታገኘው ሰሌዳ ያቺው ክሌብሲየላን የምታገኘው ናት፤ ባለሙያውም፣ ኢንኩቤተሩም ያው ነው። ኢትዮጵያ በሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በኩል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምራ የመድኃኒት መላመድ ክትትል ስትዘረጋ የጎንደሩ ሆስፒታል ከክትትል ጣቢያዎቹ አንዱ መሆኑም ይህን ያግዛል። እንዲያውም ብርቁን ጀርም መለየት የላቦራቶሪ ጥራት መፈተኛ ነው፤ ስቴኖትሮፎሞናስን የለየ ባለሙያ ተራውን ኢ ኮላይ አይስትም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የቆሰሉ ሰዎች ሆስፒታሎችን ሞልተው እንደነበር ይታወቃል፤ ኢራቅ ላይም ሆነ ዩክሬን ላይ ቁስለኛን ተከትሎ የመጣው አሲኔቶባክተር የተባለ ባክቴሪያ ምን ያህል ግትር እንደሆነ ታይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ላቦራቶሪ ቅንጦት ነው የሚል ሐኪም አይገኝም።

የጀርሙ ስም ከታወቀ በኋላ ያለው ሥራ ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም። ብዙዎቹ የውኃ ባክቴሪያዎች በቱቦ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ቀጭን ሽፋን ይሠራሉ፤ መድኃኒት ያንን ሽፋን በቀላሉ ሰብሮ አይገባም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወሳኙ እርምጃ ቱቦውን መንቀል ነው፤ ባለቀ መርፌ ላይ ሌላ መርፌ ከመጨመር በፊት ካቴተሩ የስንት ቀን ነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ሁለት ሦስት ሕመምተኞች ላይ አንድ ዓይነት ብርቅ ባክቴሪያ ከተገኘ ደግሞ መፈለግ ያለበት ውኃው ነው። ውኃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ በሮቶና በጀሪካን ማጠራቀም ግድ ነው፤ የቆመ ውኃ ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ይመቻል። በቧንቧ ውኃ የታጠበ የመተንፈሻ ጭምብል፣ ደጋግሞ የሚሞላ የኦክስጅን ማርጠቢያ ጠርሙስ፣ ከሳምንት በፊት የተበጠበጠ የጀርም ማጥፊያ፣ እነዚህ ናቸው መጀመሪያ የሚመረመሩት። ስም ያልወጣለት ጀርም ግን ከየት መጣ ተብሎ አይጠየቅም።

ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣም ጉዳዩ አያልቅም። ኖካርዲያ ሳንባ ላይ ከሆነ ሕክምናው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል፤ አንጎል ከገባ ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ። ደባርቅ ወይም ጃናሞራ ያለ ሰው ለዚያን ያህል ጊዜ በየወሩ ጎንደር አይመላለስም፤ ክኒኑን የሚያገኘው ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ነው፤ መድኃኒቱም እዚያ አለ። እዚያ ያለው ባለሙያ ግን ባክትሪምን የሚያውቀው ለሽንት ኢንፌክሽንና ለተቅማጥ በአምስት ቀን፣ ወይም ለኤች አይ ቪ መከላከያ በቀን አንድ ነው። በመውጫ ወረቀቱ ላይ «የሳንባ ምች፣ ኮትሪሞክሳዞል ይቀጥል» ብቻ ተጽፎ ከመጣ መጠኑን ይቀንሳል ወይም በሁለተኛው ሳምንት ያቆማል፤ ጥፋቱም የእርሱ አይሆንም። የባክቴሪያው ስም፣ መጠኑ፣ የሚቆምበት ወር፣ ደምና ኩላሊት የሚታይበት ቀን በግልጽ ተጽፎ ሲመጣ ግን ጤና ጣቢያው ሕክምናውን ሊጨርሰው ይችላል።